ለቅጠል የተዘጋ አፍ

«ዝም አይነቅዝም» ብሎ የተረተው ሰው መቼም ከመርሳ ወልድያ በሚኒባስ ተሳፍሮ አያውቅም። ተሳፍሮ ቢሆን ኖሮ ዝምታም እንደሚነቅዝ፣ ሲነቅዝም ለዘር የሚተርፍ ፍሬ እንደማይገኝበት በገዛ ዓይኑ ያይ ነበር። እኔ አይቼዋለሁ። ያኔ ባለመናገሬ ያጣሁትን እያሰብኩ ዛሬ ትንሽ ብለፈልፍ ታገሡኝ።

በዚያን ጊዜ ወልድያ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ላብራቶሪ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ዘመኑ የአንድ ለአምስት ነው፤ ሰው ሁሉ አምስት አምስት ሆኖ ይደራጃል፣ ዕቅድ ያወጣል፣ ዕቅዱን ይገመግማል፣ አንዳንዴም ግምገማውን መልሶ ይገመግማል። ለእኛ ቡድን የደረሰው ዕቅድ «የአካባቢውን የባህል መድኃኒቶች ከአንቲባዮቲክ ጋር አወዳድሮ መፈተሽ» የሚል ነበር። ሲነበብ ያስፈራል እንጂ ሥራው ቀላል ነው። ክዳን ባላት ጠፍጣፋ ሳህን ላይ እንደ ጄሊ የረጋ የጀርም ቀለብ ይፈስሳል። በላዩ ከቁስል መግል የተወሰደ ጀርም ይቀባል። ከዚያ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ወረቀት በቅጠል ጭማቂ ተነክራ ባንድ በኩል፣ አንቲባዮቲክ የጠጣች እኅቷ ደግሞ በሌላ በኩል ይቀመጡና ሳህኑ ሞቅ ያለ ሳጥን ውስጥ ያድራል። ሲነጋ ጀርሙ ተራብቶ ሳህኑን እንደ ጉም ይሸፍነዋል። ኃይል ያለው መድኃኒት ዘንድ ግን ዝር አይልም፤ በወረቀቷ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይቀራል። ክቡ በሰፋ ቁጥር መድኃኒቱ ተፈርቷል ማለት ነው። እኔ እንግዲህ ደመወዝ የምበላው ማን እንደሚፈራና ማን እንደማይፈራ በማስመሪያ እየለካሁ ነበር።

ወደ መርሳ የሚያመላልሰኝ ጉዳይ ሁለት ነበር። አንደኛው ዘሃራ ናት። መርሳ ላይ ልጆች ታስተምራለች፤ ልቧ ያለው ምላሷ ላይ ነው፤ የተሰማትን እዚያው ትናገራለች። እኔ እንደሷ አይደለሁም። «አንተ'ኮ የምታስበውን የምትናገረው በማግስቱ ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አጎቴ ሽማግሌ ይዘው አባቷን ጋሽ ሰይድን ጠይቀውልኛል። ጋሽ ሰይድ የመርሳ እህል ነጋዴ ናቸው፤ እህል ሲገዙ እፍኝ ዘግነው፣ አሽተው፣ ቀምሰው ነው የሚገዙ። ለልጃቸውም ያንኑ ነው ያደረጉት። «ልጁን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አላውቀውም። ጠባዩን አጣርቼ እሑድ መልስ እሰጣችኋለሁ» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኙ። ከዚያች እሑድ በኋላ ያለው ሕይወቴ ሁሉ በእሳቸው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ አያ ደምሴ ናቸው። ከመርሳ ከፍ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ፣ ሐብሩ ወረዳ ሁሉ የሚያውቃቸው መድኃኒት አዋቂ። ለቁስል ይሰጣሉ፣ ለእብጠት ይሰጣሉ። ዋናው ዝናቸው ግን ወንዶች አልባሌ ቦታ አድረው በሚያመጡት፣ ለሐኪም ለመናገርም በሚያፍሩበት በዚያ በሽታ ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን የእኔ ጉዳይ ሳህን ላይ ካለ ጀርም ጋር ስለሆነ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

አያ ደምሴ መድኃኒታቸውን በቀይ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በራሳቸው አቋጣጠር ቋጥረው ነው የሚሰጡ። «ስሙን እንዳትጠይቀኝ፤ ስሙ ከተጠራ ይረክሳል» አሉኝ። ወልድያ ደርሼ ቋጠሮውን ስፈታው ሰንሰል ነው። ሰንሰል! የላብራቶሪያችን አጥር ሰንሰል ነው። የአከራዬ አጥር ሰንሰል ነው። ፍየል እንኳ የማትሰርቀው ቅጠል በምስጢር ታስሮ መጣልኝ። ብቻ የሰው ምስጢር ነውና እንዳላወቀ ሆኜ ጨመቅሁት፣ ፈተሽኩት። በወረቀቷ ዙሪያ አለሁ የለሁም የምትል ቀጭን ክብ ታየች። የአንቲባዮቲኩ ግን ጀርሙን ከአገር አስወጥቶት ነበር።

ተመልሼ ሄጄ፣ «አያ ደምሴ፣ መድኃኒትዎ ብዙም አልሠራልኝም» አልኳቸው።

«በመንገድ ተናግረህበታል?»

«እንዴት ማለት?»

«ከሰው ጋር አውርተሃል ወይ ነው የምልህ።»

«አዎ፤ ከመርሳ እስከ ወልድያ።»

«እንግዲያውስ ከእኔ ምን ትሻለህ?» አሉና ሳቁብኝ። «ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ና። ወፍ ሳይንጫጫ እቆርጥልሃለሁ። ውኃ እስኪነካ ድረስ ለፍጡር ቃል እንዳትተነፍስ። እንደምን አደርክ ቢሉህ እንኳ ዝም። ያን ጊዜ ካልሠራ መጥተህ እኔን ስደበኝ።»

ብልህ ሰው ቢሆን ስቆ፣ ከአጥሩ ሰንሰል ቀንጥቦ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔ ግን ተምሬያለሁ። ያልተማረ ሰው ዝም ብሎ ይሳሳታል፤ የተማረ ሰው ግን በምክንያት ነው የሚሳሳት። ምክንያቴም ይህ ነበር፦ መድኃኒቱ አዋቂው ባዘዙት መንገድ ሳይመጣ ቢሸነፍ፣ የተሸነፈው ቅጠሉ ነው ወይስ የእኔ ምላስ? ስለዚህ ከመጀመሪያው ቋጠሮ የተረፈው የተወራበት ሰንሰልና ያልተወራበት ሰንሰል ባንድ ሳህን ላይ ጎን ለጎን መፈተሽ አለባቸው። ይህን በግምገማ ላይ ሳቀርብ ቡድኑ ሲያጨበጭብልኝ ሁሉ ታየኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ቀዩን ቋጠሮ ይዤ ከአያ ደምሴ ቤት ወረድኩ። ሐብሩ ላይ ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም፤ ከራስ ተጀምሮ ልጅ፣ ከብት፣ ዝናብና አዝመራ ተጠይቆ ነው ወደ ራስ የሚመለስ። አንድ እርፍና ሞፈር የተሸከሙ ሰው ከሩቅ ጀምረው፣ «እንደምን አደርክ፣ ደኅና ነህ ወይ፣ ቤተ ሰብ ደኅና ነው ወይ?» እያሉ መጡ። እጅ ነሣሁና አለፍኩ። «ተማርን ብለው ሰላምታም ተዉ!» ሲሉ ከኋላዬ ሰማኋቸው። ቆሽቴ አረረ፤ ግን ነገሩ በእሳቸው ቢያበቃልኝ ምን ነበረበት።

መርሳ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ከኋላ ወንበር መሐል ላይ ተቀመጥኩ። በቀኜ ሁለት ዶሮ በጉያቸው ያቀፉ እትዬ፣ በግራዬ አንድ ጎረምሳ ተቀመጡ። እትዬ ገና ሳይደላደሉ፣ «ወልድያ ነህ ልጄ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «ዘመድ ጥየቃ ነው ለሥራ?» አሁንም ራሴን ነቀነቅሁ። ረዳቱ ደግሞ፣ «አንተ፣ መውረጃህ የት ነው? አትናገርም እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። ይሄኔ እትዬ ቀዩን ቋጠሮ አዩት።

«ኧረ ተው አንተ ልጅ!» አሉት። «መድኃኒት ይዞ ነው። ቢናገር ይረክስበታል። ማንም እንዳያናግረው!»

ይባረኩ አልኩ በሆዴ። ሚኒባሱ ሙሉ ጠባቂዬ ሆነ። ረዳቱ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ መስኮቱን ልዝጋልህ ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ ዞር ሲል፣ «አታናግረው ተባለ'ኮ!» ብለው ሌሎቹ ተቆጡት። የአገሬ ሰው አንዴ ካዘነለት ሰው ላይ እጁን አያነሣም፤ ችግሩም ይኸው ነው። እትዬ ቋጠሮውን አየት፣ እኔን አየት፣ ደግሞ ቋጠሮውን አየት ያደርጋሉ።

«ይቺ'ኮ የአያ ደምሴ ቋጠሮ ናት» አሉ ቆይተው። ለራሳቸው ነው ያሉት፤ ግን ለራሳቸው ሲያወሩ እስከ ሹፌሩ ይሰማል። በግራዬ ያለው ጎረምሳ ጉልበቱን ከጉልበቴ በቀስታ አራቀ፤ ትንሽ ቆይቶም ተነሥቶ ከፊት ተጨናንቆ ተቀመጠ።

«ምን ታደርገው፣ ልጅነት ነው» አለ አንዱ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እሰይ፣ እንኳን አልደበቀ!» አሉ እትዬ።

አይደለም ለማለት ራሴን በኃይል ወዘወዝኩ። «እስካሁን አልተሻለኝም እያለ ነው» ብለው ተረጎሙልኝ። ወደ ቋጠሮው ጠቆምኩ፣ ወደ ራሴ ጠቆምኩ፣ እጄን አወናጨፍኩ፤ ለእኔ አይደለም ማለቴ ነው። «ለእኔ ነው፣ አደራ እንዳትነኩብኝ ነው የሚለው» አሉ። ከዚያ ወዲያ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ሲሪንቃ ላይ ሚኒባሱ ቆመና አንድ ሰው ገቡ። ጋሽ ሰይድ ናቸው። እዚያ ካለው የእርሻ ምርምር ስለ ማሽላ ዘር ሊጠይቁ መጥተው ወደ ወልድያ ማለፋቸው ኖሯል። «አሰላሙ ዓለይኩም!» አሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ አፍ መለሰላቸው። እኔ ብቻ ዝም። ሰላምታ መመለስ ግዴታ እንደሆነ ገና በልጅነታችን ነው የተማርነው። ጋሽ ሰይድ አዩኝ፤ አወቁኝ። ፈገግ ብለው ጎረምሳው በለቀቀው ቦታ አጠገቤ ተቀመጡና ለእኔ ለብቻዬ ደገሙልኝ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንዴት ነህ ልጄ?»

አፌን ከፈትኩ። ወላሂ ከፍቼ ነበር። እትዬ ቀደሙኝ።

«አይቀየሙት ጋሼ፤ ንቆዎት አይደለም። የአያ ደምሴን መድኃኒት ይዞ ነው።»

«የአያ ደምሴን?»

«የአያ ደምሴን።»

«ለማን?»

«ለማን ይሆናል? ዕድሜውን አያዩትም?»

ጋሽ ሰይድ ቋጠሮውን ተመለከቱት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር፤ የመጣው ሐዘን ነው። ጠባዬን ሊያጣሩ ሰው ለሰው ሲዞሩ የሰነበቱት ሰውዬ፣ ሳይለፉ ሳይደክሙ ከሚኒባስ ውስጥ ተጣርቶ ተሰጣቸው።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። ዘሃራ ናት። በማግስቱ ሽማግሌ የሚገባባት ልጅ እንዴት አትደውል? ልዘጋው ከኪሴ ሳወጣው እትዬ ቀበል አደረጉኝና፣ «ቆይ እኔ ልመልስልህ፤ የሚያስብልህ ሰው ይኖራል» ብለው አነሡት።

«ሃሎ! አይ፣ እኔ እንኳ መንገደኛ ነኝ። ባለስልኩ አጠገቤ ነው፤ መናገር ግን አይችልም። የአያ ደምሴን መድኃኒት ይዞ ነው... ኧረ የአያ ደምሴን! የመርሳውን!... አዎ፣ የዚያን በሽታ። አንቺ እኅቱ ነሽ?»

የዘሃራ ድምፅ ከስልኩ ሞልቶ ይፈስሳል። ጋሽ ሰይድ የልጃቸውን ድምፅ እንደማያውቅ ሰው ወደ መስኮቱ ዞረው ተራራውን ያያሉ። እትዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፉልኝ።

«አንተ ነህ?» አለችኝ። «ሴትዮዋ የሚሉት ምንድን ነው? ‹ውሸት ነው› በለኝ። እሷን ብቻ በለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ውሸት ነው» ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ውስጤ ያለው የተማረ ሰው ግን ሒሳብ ይሠራ ነበር። ወልድያ ልንገባ ጥቂት ቀርቶናል። ከጎሕ ጀምሬ የጠበቅሁት ዝምታ እዚህ ቢፈርስ ፈተናው ሊደገም ነው፤ እንደገና ቅዳሜ፣ እንደገና ጎሕ፣ እንደገና የሰው ሰላምታ። እንደደረስኩ እደውልላታለሁ፣ እንስቅበታለን አልኩ። የሰማችው ትንፋሼን ብቻ ነው። ትንሽ ቆይታ ዘጋችው።

ጋሽ ሰይድ ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞሩ። «አብሽር ልጄ» አሉኝ። «የሚሳሳተው ሰው ነው። አላህ አፊያህን ይመልስልህ።» ከዚያም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙ። ሙስሊሙ «አሚን» አለ፣ ክርስቲያኑ «አሜን» አለ፤ እትዬ ዶሮዎቹን ወለል ላይ ለቀው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሹፌሩም አክብሮ ቀስ ብሎ ነዳ። ሚኒባስ ሙሉ ሕዝብ ስለሌለብኝ ጨብጥ ፈጣሪውን እየለመነ ወልድያ ገባን። አሚን ያላልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ላብራቶሪ ደርሼ ቅጠሉን ውኃ ውስጥ ጣልኩና «ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። የጥበቃ ሠራተኛው ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ለዘሃራ ደወልኩ፤ ስልኳ ተዘግቷል። ደጋግሜ ደወልኩ፤ ያው ነው። የሚመለስ ሚኒባስ እኮ ነበር፤ «መርሳ! መርሳ!» እያሉ ሲጣሩ ድምፁ እስከ እኛ ግቢ ይሰማል። እኔ ግን ቅጠሉን መፍጨት፣ መዘፍዘፍ፣ ማጥለል አለብኝ፤ ሳህኑም አድሮ ጠዋት መነበብ አለበት። በባዶ እጄ ከምሄድ ውጤቱን ይዤ ብሄድ ይሻላል፣ ማስረጃ ያለው ሰው ይታመናል አልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት፣ ምንም ቢሆን ቆጥ ላይ የሚረባ ነገር ሳይኖራት አይቀርም። የእኔ ቆጥ ላይ ያለው የአጥር ሰንሰል ነበር።

እሑድ ጠዋት ሳህኑን አየሁ። የአንቲባዮቲኩ ክብ እንደ ልማዱ ሰፊ ነው። የተወራበት ሰንሰል አለሁ የለሁም የምትል ቀጭን ክብ አለው። ያልተወራበት ሰንሰልም አለሁ የለሁም የምትል ቀጭን ክብ አለው። ለካሁ። ማስመሪያ ቀይሬ ለካሁ። ከጎረቤት ክፍል የሌላ ሰው ዓይን አምጥቼ አስለካሁ። የፀጉር ታህል ልዩነት የለም።

እኔ ስለካ አጎቴ መርሳ ሽምግልና ገብተዋል። ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ምንህን ነው ያመመህ?» አሉኝ ሳይቀመጡ።

«ኧረ ምንም አላመመኝም።»

«ጋሽ ሰይድ ‹ልጄን አልነፈግኋችሁም፤ ልጁ አስቀድሞ ይዳን› አሉን። ከምን ይዳን ብንል አፍረው መሬት መሬት አዩ። እኔም አብሬ መሬት አየሁ፤ ምኑን እንደማይ ሳላውቅ!»

«ቅጠሉ ለእኔ አይደለም፤ ለጀርም ነው።»

«ጀርሙ የማን ነው?»

«የላብራቶሪው።»

«የሚቀልበውስ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ጀርም ቀልበህ፣ አሳድገህ፣ ሲያድግ ደግሞ መግደያ ትፈልግለታለህ?»

«አዎ።»

«መንግሥት ለዚህ ደመወዝ ይከፍልሃል?»

«አዎ።»

አጎቴ ወደ በሩ ዞሩ። «አልሸሹም ዞር አሉ» አሉ በመጨረሻ። «በል ነገ ሐኪም ዘንድ ሄደህ ተመርመር።»

ተመረመርኩ። እንደ ምንጭ ውኃ ንጹሕ ነኝ። አጎቴን ይዤ መርሳ ሄድኩና ይህንኑ ለጋሽ ሰይድ ነገርናቸው። ተነሥተው አቀፉኝ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። «አያ ደምሴማ አዋቂ ናቸው! በዚህ ፍጥነት!»

«ጋሼ፣ እኔ'ኮ መጀመሪያውኑ አልታመምኩም።»

«አይዞህ፣ ያለፈው አልፏል።»

«ቅጠሉን አልጠጣሁትም፣ አልተቀባሁትም፤ ሳህን ላይ ነው ያደረግሁት።»

«እሺ፣ እሺ። አላህ መሓሪ ነው» አሉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። እኔ ስክድ እሳቸው ይቅር ይሉኛል፤ የበለጠ ስክድ የበለጠ ይቅር ይሉኛል። ደግ ሰው ፊት ንጹሕ ሆኖ መገኘት እንዴት ያለ መከራ መሰላችሁ።

ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ሐብሩን አዳረሰ። ባለዶሮዋ እትዬ፣ «በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ነው ወልድያ የገባ፤ ለዚያ ነው የዳነ» እያሉ ለሰው ሁሉ መሰከሩ። አያ ደምሴ ደጅ የሚጠናው ሰው በዛ። አንቲባዮቲክ ጀርምን ሲደመስስ በዓይኔ ያየሁት፣ ሰንሰል ይህ ነው የሚባል ነገር ሳያደርገው በማስመሪያ የለካሁት እኔው ራሴ የሰንሰል ማስታወቂያ ሆኜ ቀረሁ። በእውነት የታመመ ስንት ሰው እኔን አይቶ ሐኪም ቤት መሄዱን ትቶ ይሆን? ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እውነቱን ባወራሁ ቁጥር ግን ሰው ሁሉ ያው እንደ ጋሽ ሰይድ ይቅር ይለኝ ነበር።

«እኔ ፈቅጃለሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ ስንሰናበት። «የቀረው የእርሷ ነው፤ አነጋግራት።»

ዘሃራን ከትምህርት ቤት ስትወጣ መንገድ ላይ ጠበቅኋት። ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ፤ የተማሪዎቿን ደብተሮች አቅፋለች። ልነግራት ያዘጋጀሁትን ሳልጀምር እሷ ጀመረች።

«እንዳልታመምክ አውቃለሁ። ያን ቀንም አውቅ ነበር።»

እፎይ አልኩ። እፎይታዬ ፊቴ ላይ ታይቶ መሆን አለበት፤ አላስጨረሰችኝም።

«ቅዳሜ ማታ ይመጣል ብዬ በር በሩን አየሁ። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ከኋላቸው አለ ብዬ በመስኮት አየሁ። ሰኞ ክፍል ስገባ ትልልቆቹ ልጆች እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ‹አይዞሽ› ይሉኛል። ይመጣና እሱ ራሱ ይናገራል እያልኩ አለፍኩት። የት ነበርክ?»

«ሳህኑ... ውጤቱ ጠዋት መነበብ ነበረበት።»

«እና ምን ሆነ ውጤቱ?»

ይህ እንኳ የማውቀው ጥያቄ ነው። የማውቀው ጥያቄ በመምጣቱ ደስ ብሎኝ ቶሎ መለስኩ። «ዝም ማለቴ ምንም ለውጥ አላመጣም» አልኳት። «ተናገርኩም አልተናገርኩም ያው ነው።»

«ለቅጠሉ» አለች።

አልተቆጣችም። ቆማ ታየኝ ነበር። አንድ የጭነት መኪና አቧራውን አስነሥቶ አለፈ፤ አቧራው እስኪሰክን ድረስም ቆመች። ስትጠብቀኝ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በእጄ ምንም አልያዝኩም፤ ብናገር የሚረክስብኝ ነገር አልነበረም። «ይቅርታ» አንድ ቃል ነው። «አትሂጂ»ም አንድ ቃል ነው። የትኛው እንደሚሻል ሳመዛዝን ዘሃራ ደብተሮቿን አቅፋ ሄደች።